ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰዓት ሠሪው ቤት

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። «እትዬ፣ የድሮ ጠመንጃ ላይ ያለ ጽሑፍ ያነባሉ ብለውኝ ነው የደወልኩት» አለኝ አንድ ወጣት። አያቱ የተዉለት ጠመንጃ አለ። ብረቱ ላይ ፊደልና ቁጥር አለበት። ምን እንደሚል ማወቅ ፈልጓል። ፎቶ ላክልኝ አልኩት፤ ላከልኝ። ግማሹን አነበብኩት። ግማሹ ጠፋኝ። ያኔ ሳላስበው እጄ የስልኬን ስም ዝርዝር ገልጦ አንድ ስም ላይ ቆመ። ልደውልላቸው ነበር። ሰዓት ሠሪው ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

ስሙን እያየሁ ትንሽ ቆየሁ። ቁጥራቸውን ማጥፋት አልቻልኩም፤ አሁንም አላጠፋሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት ሌሊት ይህን ነገር አመላልሰዋለሁ። እሳቸውን አስባለሁ። ከእሳቸው ጋር የሄዱትን ቅዳሜዎችም አስባለሁ። በጅማ የድሮ ጠመንጃ ነገር የሚወዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አንድ በረንዳ ነበረን። አሁን የለንም። ምን እንደነበረን ቁጭ ብዬ ካልጻፍኩት እንቅልፍ የሚሰጠኝ አይመስለኝም።

ጠመንጃ ቡና ላይ አይመጣም

ቤቱ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር ነበር፤ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ከቆሙት ቤቶች አንዱ። ፊት ለፊቱ ጠባብ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ነው። ጀርባው ላይ ቆርቆሮ የተከደነ በረንዳ አለ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ አንዴ ከጀመረ ሰው የትም አይሄድም። ቆርቆሮው ሲንኳኳ እርስ በርስ ለመሰማማት ጮክ ብለን እናወራ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት መነጽር ነው። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያጣብቋትን ትንሽ ማጉያ ታውቋታላችሁ። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት የጠመንጃ ቁራጭ ብረት ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ ይቺን ጽሑፍ ቢያዩልኝ» አላቸው። አዩለት። ሌላው ሰማ። ሌላው ሌላ ይዞ መጣ። እኔ ስደርስ ጨዋታው ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ነበር። መደበኛ ተቀማጮቹ አራት ናቸው። ባለቤቱ ሰዓት ሠሪው፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ አንድ አናጺ እና ከአጋሮ በሚኒባስ የሚመጡ ሽማግሌ። ስማቸውን አልጽፍም። የሞቱትም ያሉትም ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ የሚወዱ ሰዎች አልነበሩም።

አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው። ጠመንጃ ቡና ላይ አይመጣም። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ 1177/2012 ማለቴ ነው፣ ከመውጣቱ በፊትም ደንባቸው ይኸው ነበር። ጠመንጃው በፈቃድ ተመዝግቦ ባለቤቱ ቤት ይቀመጣል። ወደ በረንዳው የሚመጣው ወረቀቱ ነው። ስስ ወረቀት ብረቱ ላይ ታስቀምጣለህ፤ እርሳስህን አጋድመህ በቀስታ ታሻለህ፤ የተመታው ማኅተም ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እነሱ «ጥላ» ይሉታል። «ጥላውን ይዘህ ና» ነው የሚባለው። ከጥላው ጋር ባዶ ቀለህም፣ የቆዳ ዝናርም፣ የተሰበረ ሰደፍም ሊመጣ ይችላል። ጥይት የሚጎርስ ነገር ግን ደጃፉን አያልፍም።

ጥላው ሁሉ አንድ ትልቅ ደብተር ላይ ይለጠፍ ነበር። ጎኑ ላይ ሰዓት ሠሪው በዚያ በደቃቅ ጽሕፈታቸው የተባለውን ይጽፋሉ። ማን እንዳመጣው፣ ከየት እንደመጣ፣ መምህሩ ምን እንዳሉ፣ የአጋሮው ሽማግሌ ምን ብለው እንደተቃወሙ። ክርክሩንም ነበር የሚጽፉት። ይህን በኋላ ነው ያስተዋልኩት።

እኔ የገባሁት በቡናው በኩል ነው። የሰዓት ሠሪው ባለቤት ታማ ነበር፤ ፋርማሲ ስለምሠራ መድኃኒቷን ቅዳሜ ቅዳሜ አደርስላት ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ያዘኝ። እሷ ስላልቻለች ቡናውን እኔ አፈላሁ። አቦሉ ላይ ጥላው ይነበባል። ቶናው ላይ ይከራከራሉ። በረካው ላይ ማንም ማንንም ሳያሸንፍ ይመራረቃሉ። ረከቦቱ ጋ ተቀምጬ የሰማሁት ነገር ያዘኝና በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀድሜ ደረስኩ። ሴት ልጅ ጠመንጃ ምን ያደርግላታል ያለኝ የለም። የአጋሮው ሽማግሌ ብቻ ትንሽ አይተውኝ «ልጄ፣ ዓይንሽ ይጠቅመናል፤ የእኛ ደክሟል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማጉያዋ ለእኔም ትሰጠኝ ጀመር።

ውጅግራ የሚለው ስም

ብዙዎቻችን እነዚህን ስሞች በፉከራና በሽለላ ነው የምናውቃቸው። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ አልቢን፣ ስናድር። እኔ በልጅነቴ ውጅግራ ዝም ብሎ የጀግና ዕቃ ስም ይመስለኝ ነበር። መምህሩ ናቸው የነገሩኝ። ፈረንሳዮች ጠመንጃውን በሠራው መኮንን ስም «ፉዚ ግራ» ይሉታል። የእኛ ሰው ሰማውና ውጅግራ አለው። ለበንም ሌበል ነው። ምንሽርም ማንሊኸር። ስናድር ደግሞ የእንግሊዞቹ ስናይደር፤ በ1860 መቅደላ የመጡት ወታደሮች የያዙት። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ስሞቹን ለብቻዬ እየደጋገምኩ ነበር። አያቶቻችን የሩቅ አገር ፋብሪካ ስም ወስደው እንዴት አድርገው የራሳቸው ቃል እንዳደረጉት ሳስብ ደስ ይለኛል።

ውጅግራ አንድ ጎራሽ ነው። አንድ ጥይት ታጎርሳለህ፣ ትተኩሳለህ፣ እንደገና ታጎርሳለህ። ባሩዱ ጥቁር ስለሆነ ጭሱ ተኳሹን ይሸፍነዋል፤ ያለበትንም ያጋልጣል። ሌበል እ.ኤ.አ. በ1886 ሲመጣ ጭስ አልባ ባሩድ ይዞ መጣ። አውሮፓ ሁሉ ያለውን ጠመንጃ መጣል የጀመረው ያኔ ነው። መምህሩ ይህን ሲያወሩ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። «የተጣለው የት ሄደ?» ብለው ይጠይቃሉ። በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ መጣ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሳይቀር ግጥሙን ትቶ ከታጁራ ወደ 2000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ በእኛ አቆጣጠር በ1879 ሸዋ ደርሷል። እሱ ያመጣው ደግሞ ከውጅግራም የቀደመ፣ በዚያን ጊዜም አሮጌ የነበረ ዓይነት ነው።

አናጺው ስለ ብረቱ ግድ አልነበረውም። እሱ የሚያየው እንጨቱን ነው። አብዛኛው የድሮ ጠመንጃ ሰደፉ አንገቱ ላይ ይሰበራል። ያገራችን ሰው የበሬ ቆዳ በእርጥቡ ጠቅልሎ ይሰፋበታል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ብረት ይጨብጠዋል። አናጺው ስፌቱን አይቶ «ይህ ኮርቻ ሰፊ የሰፋው ነው» ወይም «ይህን ባለቤቱ ራሱ ነው የሰፋው፣ ቸኩሏል» ይላል። ልክ ይሁን አይሁን ማረጋገጫ የለኝም። ግን እሱ ከተናገረ በኋላ ያንን ጠመንጃ በሌላ ዓይን ነው የምታየው። አንድ ሰው ማታ በኩራዝ ብርሃን ቁጭ ብሎ ሲሰፋው ይታይሃል።

ውጭ አገር እነዚህን ዕቃዎች የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ግድግዳቸው ላይ በተርታ ይሰቅሏቸዋል። እኛ ጋ ወራሽ እንጂ ሰብሳቢ የለም። ወደ በረንዳው የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጠመንጃና አንድ ታሪክ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛውን ለማወቅ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በጅማ ጠመንጃ ለሁሉም ሰው አንድ ትርጉም የለውም። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ለምኒልክ ሲገብሩ ያለ ጦርነት ነው፤ በዚህም አገራቸው ብዙ የውስጥ ነፃነት ይዛ ቆይታለች። ግን በአካባቢው ነፍጥ ሲባል የሚያመው ቤተሰብ አለ፤ የሚኮራም ቤተሰብ አለ። በዚያ በረንዳ ሁለቱም ተቀምጠው ነበር። የመምህሩ ቅድመ አያት ከሸዋ ጠመንጃ ይዘው የመጡ ናቸው። የአጋሮው ሽማግሌ ወገኖች ጠመንጃ የያዘ ሰው ደጃቸው ሲቆም ያዩ ናቸው። አንድ ቀን በዚህ ነገር ድምፃቸው ከፍ አለ። ሰዓት ሠሪው ዝም ብለው ሁለቱንም ጻፉ። የዚያን ቀን በረካ በዝምታ ነው የጠጣነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሁለቱም መጡ። ሌላ ቦታ ይህ ዓይነት ነገር ሲሆን አይቼ አላውቅም።

የአያቴ ወረቀት

ቤተሰባችን ውስጥ አንድ ጠመንጃ አለ። ሊሙ ያለው አጎቴ ጋ ነው፣ በፈቃድ። አጭር ነው። አፈሙዙ ሥር የሚታጠፍ ሳንጃ አለው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ቅድመ አያቴ በአድዋ ከጣሊያን ማርከው ያመጡት ነው ሲባል ነው። ሠርግ ላይ ይነሳል። ለቅሶ ላይ ይነሳል። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አጎቴ ያወራዋል። እኔም ትምህርት ቤት እያለሁ ክፍል ፊት ቆሜ ተናግሬዋለሁ። መምህሬ አስጨብጭቦልኛል።

አንድ መስከረም ሊሙ ስሄድ ስስ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሄድኩ። ጥላውን አነሳሁት። በጣም ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ቅዳሜ እስኪደርስ አላስቻለኝም። በልቤ የማስበው ደብተሩ ላይ «ከአድዋ» ተብሎ ሲጻፍ ነበር።

ሰዓት ሠሪው ማጉያዋን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። አነበቡ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ወረቀቱን ለመምህሩ አሳለፉት። መምህሩም አዩት። እሳቸውም ዝም አሉ። ዝናብ አልነበረም፤ ለዚያ ነው ዝምታው አሁንም ጆሮዬ ላይ ያለው። «ምነው ጋሼ?» አልኳቸው። መምህሩ «እስቲ አንቺ አንብቢው» አሉኝ። አነበብኩት። ብሬሻ ይላል፤ የጣሊያን ከተማ ናት። ቀጥሎ 1936 ይላል። ቀጥሎ ኤክስ፣ አይ እና ቪ የሚሉ የሮማ ቁጥሮች አሉ። አሥራ አራት ማለት ነው። ከዚህ በፊት ቤት ውስጥ ፊደሉን አይቼው ነበር። አይቼው ግን አላነበብኩትም ነበር። ሰው የሚያውቀውን ታሪክ ይዞ ሲያይ ፊደል አይታየውም።

መምህሩ ቀስ ብለው አስረዱኝ። 1936 በፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1928። አሥራ አራቱ ደግሞ የፋሽስቶች ዘመን ነው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት፣ በፈረንጅ ከ1922 ጀምሮ በራሳቸው ዓመት ይቆጥሩ ነበር፤ መሣሪያቸው ላይም ይመቱታል። ይህ ካርካኖ የሚባለው ነው፤ የፈረሰኛ አጭሩ። አድዋ ላይ የተሰለፈው የጣሊያን እግረኛ ባብዛኛው የያዘው ከዚህ የቀደመውን፣ ቬተርሊ የሚባለውን ነበር። «ይህ ጠመንጃ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ አድዋ 40 ዓመት አልፎታል፣ ልጄ» አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። ተናደድኩባቸው። «እና ቤተሰቤ ዋሽቷል ነው የሚሉኝ?» አልኳቸው። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቅድመ አያትሽ አድዋ አልዘመቱም አላልኩም። ይህን ግን ከዚያ አላመጡም» አሉ። ያኔ የአጋሮው ሽማግሌ እጃቸውን ክንዴ ላይ አድርገው አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ። «በ1928ና በ1933 መካከል እናንተ ቤት ጎልማሳ የነበረው ማን ነው?»

አያቴ ናቸው። የአባቴ አባት። ስለ እሳቸው ማንም የሚያወራው ነገር አልነበረም። ቡና ተካይ፣ ዝምተኛ ሰው። በቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ ከአርበኛው ቅድመ አያትና ከተማረው አባቴ መካከል የተዘለሉ ሰው። ጅማ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ሰኔ 1933 ነው። እሳቸው ያኔ የሦስት ልጆች አባት ነበሩ። ያን ጥያቄ ስሰማ አንድ በር የተከፈተ ያህል ተሰማኝ፤ ለመግባት ግን ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ጋ ሄድኩ። ከአጎቴ ሌላ ከአያቴ ልጆች በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ወረቀቱን አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ግን እርሳሱ ያወጣውን ምልክት በጣቷ እየነካች ብዙ ቆየች። ከዚያ «ሰባት ፈረሱላ ቡና ነው የሰጠበት» አለችኝ። ከመቶ ኪሎ በላይ ማለት ነው። የዓመት ልፋታቸው። ጣሊያን ሲወጣ መንገዱ ሁሉ ሽፍታ ሆኖ ነበር። ከጣሊያን ጦር የከዳ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን የተቀጠረ አፍሪካዊ ወታደር ማለት ነው፣ ርቦት ደጃቸው ይመጣል። አያቴ አበሉት፤ አሳደሩት፤ ጠዋት ላይ ጠመንጃውን በቡና ገዙት። «ልጆቼን ልጠብቅበት ነው» ነው ያሉት። አንድም ቀን አልተኮሱበትም። «ለምን አልተወራም?» አልኳት። አክስቴ ወደ እኔ እንኳ አላየችም። «በቡና የተገዛ ጠመንጃ ይፎከርበታል እንዴ?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን በረንዳው ላይ ስናገር አለቀስኩ። ተሸማቅቄ መስሏቸው ነበር መጀመሪያ። አልነበረም። ሰማንያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ተዘልሎ እንደኖረ ገብቶኝ ነው። የማረከ ሰው ስም አለው። ያበላ፣ ያሳደረ፣ የዓመት ቡናውን ከፍሎ ልጆቹን የጠበቀ ሰው ግን የሚነገርለት ቀን የለውም። ሰዓት ሠሪው ደብተሩን ከፈቱ። የአያቴን ስም ጻፉ። ጎኑ ላይ «ሰባት ፈረሱላ» ብለው ጻፉ። የአያቴ ስም ከመቃብራቸው ሌላ የተጻፈው እዚያ ብቻ ይመስለኛል።

አጎቴ እስካሁን አልተቀበለኝም። የካቲት ሲመጣ ያንኑ ያወራል። አልከራከረውም። ለልጆቼ ግን የማወራላቸው የሰባቱን ፈረሱላ ነው።

ደብተሩ

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ደብተሩ በየሳምንቱ ፊቴ ነበር። ስልኬ ካሜራ አለው። ገጹን ሁሉ ፎቶ ላነሳው ለሰዓት ሠሪው ቃል ገብቼላቸው ነበር። «በሚቀጥለው ቅዳሜ» አልኩ። ፋሲካ መጣ። «ከፋሲካ በኋላ» አልኩ። ልጄ ታመመ። ክረምት ገባ። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ነበር። አንዱም ግን አሁን አያጽናናኝም።

መጀመሪያ ያረፉት መምህሩ ናቸው። ቀጥሎ የሰዓት ሠሪው ባለቤት። ከዚያ በኋላ ቡናው ቀዘቀዘ። እኔ አፈላለሁ፤ ግን ቶናው ላይ የሚከራከር ጠፋ። ሰዓት ሠሪው ጥላ ያነባሉ፤ የሚቃወማቸው ሲያጡ ራሳቸው ይጠራጠራሉ። «እሱ ቢኖር እንዲህ አይደለም ይለኝ ነበር» ይላሉ መምህሩን እያሰቡ። አንድ ጥላ ላይ 1874 የሚል ነበር። አምጪው የተሠራበት ዓመት መስሎት ደስ አለው። እንደዚያ አይደለም። እሱ የሞዴሉ ዓመት ነው፤ ጠመንጃው ራሱ የተሠራበት ዓመት አፈሙዙ ላይ ለብቻው ይመታል። ይህን ስንት ጊዜ መምህሩ አስረድተዋል። ያን ቀን ሰዓት ሠሪው ትክክለኛውን ተናግረው ሲያበቁ ቀና ብለው ወደ ባዶው ወንበር አዩ። መስማማቱን የሚያረጋግጥላቸው ሰው ፈልገው።

ከዚያ እሳቸውም አረፉ። ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ነው የሚኖሩት። ቤቱ ተሸጠ። አልወቅሳቸውም፤ ቤት ሲወረስ ይሸጣል። ዜናውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ሮጬ ስሄድ ሱቁ ባዶ ነበር። መደርደሪያው ተነቅሏል። ጎረቤት ያለች ባለሱቅ ነገረችኝ። ቆራሌው መጥቶ ብረት ብረቱን፣ ወረቀት ወረቀቱን በኪሎ ወሰደው።

በማግሥቱ የጅማው መርካቶ ወረድን፤ እኔና አናጺው። አሮጌ ወረቀት የሚገዙትን ሁሉ ጠየቅን። ቆሎና ቅመም የሚጠቀልሉበትን ክምር አገላበጥን። የተማሪ ደብተር አለ። የድሮ ደረሰኝ አለ። አንዲት ሴትዮ ምን እንደምንፈልግ ጠይቃን «በእርሳስ የተጠቆረ ወረቀት» ስላት አዘነችልኝ፤ የሞተ ልጄን ሥዕል የምፈልግ መስሏት ነው። ሦስት ቀን ፈለግን። አላገኘነውም። አናጺው በመጨረሻ «በቃ፣ እህቴ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ተገናኝተን አናውቅም ማለት ይቻላል። መንገድ ላይ ስንተያይ ሰላም ተባብለን እናልፋለን። የምንገናኝበት ምክንያት ያ በረንዳ ነበር።

አሁን እዚያ ቦታ አዲስ ፎቅ እየወጣ ነው። በዚያ በኩል ማለፍ ሲኖርብኝ በአዌቱ ወንዝ በኩል እዞራለሁ።

የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ለሰብሳቢዎች ይሸጣሉ። ፎቶዎቹን አይቻለሁ። ቆዳ የተሰፋባቸው ሰደፎች አሉ። የሞዓ አንበሳ የተመታባቸው ማውዘሮች አሉ። አንዱ ሰደፍ ላይ በቢላ የተቀረጸ የግዕዝ ፊደል አየሁ። የሰው ስም ነው። የገዛው ሰው ምን እንደሚል አያውቅም፤ ምናልባት ጌጥ ይመስለዋል። እኔ ስሙን አነበብኩት፤ ግን የማን እንደሆነ አላውቅም። ብረቱ እዚያ ነው። ፊደሉን የሚያነበው እዚህ ነው። ቆዳውን አይቶ ማን እንደሰፋው የሚገምተው አናጺ ከእኔ ቤት አሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ይኖራል፤ ፎቶውን ግን አላሳየሁትም። የበረንዳው ሰዎች እውቀት እንዲህ ነው የተበተነው። እያንዳንዳችን ቁራሹን ይዘን ቤታችን ገብተናል።

አጋሮ

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ፎቶው ላይ ሴንት ኤቲየን የሚለውን አነበብኩለት፤ የፈረንሳይ ፋብሪካ ከተማ ነው። 1874 የሚለውም አለ። ውጅግራ ነው አልኩት። የተሠራበትን ዓመት ከፈለግህ አፈሙዙ ላይ ተመልከት አልኩት። ያላወቅኩት ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ምልክት ነው። መስቀል ትመስላለች። ፋብሪካው የመታት ትሁን እኛ አገር የተሞረደች አልታወቀኝም።

የአጋሮው ሽማግሌ በሕይወት አሉ። ከደብተሩ መጥፋት በኋላ ደውዬላቸው አላውቅም። እውነቱን ልናገር፤ አፍሬ ነው። እሳቸው ጋ ከመደወል የሞተ ሰው ቁጥር ላይ ጣቴን ማሳረፍ ቀለለኝ። ሁለት ቀን አስቤበት ደወልኩ። የልጅ ልጃቸው አንስታ ሰጠቻቸው። «አከም ጅርታ» አሉኝ፣ እንደ ድሮው። ድምፃቸው ቀጥኗል። ስለ ደብተሩ ነገርኳቸው፤ ፎቶ እንዳላነሳሁት፣ መርካቶ እንደፈለግነው፣ እንዳላገኘነው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ረጅም ዝምታ ነበር። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ምልክቷን በጥፍር ሲነኳት ትይዛለች?» አሉኝ።

«የቷን አባባ?»

«መስቀሏን። ማኅተም ከሆነ ጠርዙ ለስላሳ ነው። በሞረድ የተሠራ ከሆነ ጥፍር ይይዛል። ፎቶ ይህን አይነግርሽም።»

አላውቅም አልኳቸው። ልጁን ጠይቂልኝ አሉኝ። ዘጋሁና ደወልኩለት። ጠመንጃው ያለበት ቤት ነበር። ባዶ መሆኑን አረጋግጥ አልኩት፤ አረጋገጠ። ጥፍርህን ምልክቷ ላይ ቀስ ብለህ አሳልፍ አልኩት። ትንፋሹ ይሰማኛል። በዚያ በኩል ዝናብ ቆርቆሮ ይመታል።

«ይይዛል፣ እትዬ» አለኝ።

«እንግዲያው አትዝጋው» አልኩት። «ስስ ወረቀትና እርሳስ ፈልግ።»